ትንሽ ሱቅ «ከዚህ በታች በካርድ፣ ከዚህ በታች በስልክ አልቀበልም» የሚለው ለምንድን ነው?

በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል በዱርቤቴ ለተሰበሰቡ አባላት የቀረበ ንግግር



በምሥረታ በዓል ቀን ስለ ተሰበሰበው እህል፣ ስለ ቀረበው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር፣ ስለ ተከፈለው የትርፍ ድርሻ መናገር የተለመደ ነው። የዛሬው ንግግር የሚነሣው ግን ከመጋዘን ሳይሆን ከአንድ ትንሽ ሱቅ ደጃፍ ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ማኅበር የተቋቋመበትን ምክንያት ይነካልና እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንዲደመጥ ያስፈልጋል።

ከባሕር ዳር በመራዊና በወተት ዓባይ አልፎ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አስፋልት ላይ ባለችው በዱርቤቴ፣ በገበያ ቀን አንዲት እናት ወደ ሱቅ ጎራ አሉ እንበል። በቆሏቸውን ሸጠው ገንዘቡ በስልካቸው ገብቶላቸዋል። የሚፈልጉት አንድ ሳሙናና ጥቂት ጨው ነው፤ ዋጋው በድምሩ 40 ብር። ባለሱቁ እቃውን ካነሣ በኋላ ስልካቸውን ሲያይ እጁን መለስ ያደርጋል።

«እናቴ፣ ከመቶ ብር በታች በስልክ አልቀበልም። ጥሬ ብር የለዎትም?»

«አይ ልጄ፣ ያለኝ ይኸው እዚህ ስልኩ ውስጥ ነው። የኔ ብር ብር አይደለም ወይ?»

ይህ ጥያቄ መልስ ይገባዋል። ብዙ ሰው «ነጋዴው ንቆ ነው» ይላል። ሌላው «ግብር ሊሸሽ ነው» ይላል። ሁለቱም አንዳንድ ጊዜ እውነት ይሆናሉ። ዋናው ምክንያት ግን ከንቀትም ከተንኮልም በፊት የሒሳብ ነው። ሒሳቡን ያላወቀ ሸማች በከንቱ ይጣላል፤ ሒሳቡን ያላወቀ ነጋዴም ከሚገባው በላይ ይከለክላል።

ነገሩ ከየት ተነሣ?

ይህ ዓይነቱ ክልከላ በዱርቤቴ አልተጀመረም። በካርድ መክፈል በሰፊው የተጀመረው በአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ዳይነርስ ክለብ የተባለው ድርጅት በኒውዮርክ ሰው በልቶ በኋላ የሚከፍልበትን ካርድ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርኒያ በምትገኘው ፍሬስኖ ከተማ ወደ 60,000 የሚጠጉ ካርዶችን ለነዋሪዎች በፖስታ ላከ። ይህ ካርድ እ.ኤ.አ. በ1976 ዛሬ የሚታወቅበትን «ቪዛ» የሚለውን ስም ያዘ።

ገዥው ካርዱን ሲያሳይ አንድ ሳንቲም የጨመረ አይመስለውም። እውነቱ ግን ሻጩ ሙሉውን ዋጋ አያገኝም። ገዥው 100 ከከፈለ ሻጩ የሚደርሰው 97 ወይም 98 ሊሆን ይችላል። የቀረው በሦስት ወገን ይከፋፈላል። አንዱ ካርዱን ለገዥው የሰጠው ባንክ ነው። ሁለተኛው እንደ ቪዛና ማስተርካርድ ያለው መረቡን የዘረጋው ድርጅት ነው። ሦስተኛው የሻጩን ሒሳብ የያዘውና ማሽኑን ያቀረበለት ባንክ ወይም ድርጅት ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ መግባት ይቻላል። ይህ ክፍያ በአብዛኛው ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ክፍል ከሽያጩ በመቶኛ የሚታሰብ ነው። ሁለተኛው ክፍል ግን ሽያጩ ትልቅ ይሁን ትንሽ ሳይለይ በእያንዳንዱ ግብይት የሚቆረጥ ቋሚ ሳንቲም ነው። ባለሱቁን የሚጎዳው ሁለተኛው ነው።

ለአብነት ያህል በአሜሪካ ያለ አንድ ባለሱቅ ከመቶ 3 እጅ እና በእያንዳንዱ ሽያጭ 20 ሳንቲም ይከፍላል እንበል። ደንበኛው የ20 ዶላር እቃ በካርድ ቢገዛ ክፍያው 60 እና 20፣ በድምሩ 80 ሳንቲም ይሆናል፤ ይህም ከሽያጩ ከመቶ 4 እጅ ነው። ደንበኛው የ2 ዶላር ለስላሳ ቢገዛ ግን ክፍያው 6 እና 20፣ በድምሩ 26 ሳንቲም ነው። ይህ ከሽያጩ ከመቶ 13 እጅ መሆኑ ነው። ባለሱቁ ከዚያ ለስላሳ የሚያገኘው ትርፍ 30 ሳንቲም ከነበረ፣ የኪራይና የመብራት ሳይታሰብ የሚቀረው 4 ሳንቲም ብቻ ነው። ስለዚህ በደጁ ላይ «በካርድ ለመክፈል ቢያንስ ይህን ያህል ይግዙ» ብሎ ይለጥፋል።

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ጭምር፣ እንጀራና በርበሬ የሚሸጡ ብዙ የኢትዮጵያውያን ትናንሽ መደብሮች አሉ። እነርሱም ቢሆኑ ከዚህ ሒሳብ አያመልጡም። በሀገራቸው በጥሬ ብር መሸጥ የለመዱ ነጋዴዎች በዚያ የሚጠብቃቸው የመጀመሪያው ትምህርት አንዱ ይኸው ነው።

ሕጉስ ምን አለ? በአሜሪካ ለረጅም ጊዜ የካርድ ድርጅቶቹ በውላቸው ነጋዴው ዝቅተኛ የግዥ መጠን እንዳያስቀምጥ ይከለክሉ ነበር። ብዙ ትናንሽ ሱቆች ግን ውሉን እየጣሱ ያስቀምጡ ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2010 የወጣው የፋይናንስ ማሻሻያ ሕግ ይህንን ክልከላ አነሣ፤ ነጋዴው ለዱቤ ካርድ እስከ 10 ዶላር የሚደርስ ዝቅተኛ የግዥ መጠን እንዲያስቀምጥ ፈቀደ። ፈቃዱ ለዱቤ ካርድ እንጂ ከገዥው ተቀማጭ ወዲያውኑ ለሚቆረጥበት ካርድ አይደለም። ሕግ አውጪዎቹ ሁለት ነገር ማመጣጠናቸው ነው። ትንሹ ነጋዴ እንዳይከስር መብት ሰጡት፤ ገዥው እንዳይበዘበዝ ደግሞ ጣሪያ አበጁለት።

ነገሩ በኢትዮጵያ

በሀገራችን የካርድ ታሪክ አጭር ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በአዲስ አበባ የመጀመሪያዎቹን የገንዘብ መክፈያ ማሽኖች የተከለው በ1993 ዓ.ም. ገደማ ነው። በ2003 ዓ.ም. የብሔራዊ የክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718/2003 ወጣ። በዚያው ዘመን ባንኮቹ በጋራ ያቋቋሙት ኢትስዊች በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ ማሽን መሥራት ቻለ። በእኛ ሀገር በእጅ ያለው ካርድ ግን በአብዛኛው የዱቤ ካርድ አይደለም። ባለቤቱ ያስቀመጠውን ገንዘብ የሚያወጣበት ካርድ ነው።

ወደ ገጠርና ወደ ትናንሽ ከተሞች የደረሰው ከካርድ ይልቅ ስልክ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ደንበኞቹ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደርሰዋል። የንግድ ባንክ ሲቢኢ ብርም አለ፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሳፋሪኮም ኤምፔሳ ተጨምሯል። በ2015 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በአዲስ አበባ፣ በግንቦት ወር ደግሞ በክልሎች የነዳጅ ክፍያ በስልክ ብቻ እንዲሆን ሲደረግ ባለመኪናውም ባለባጃጁም መልመዱ ግድ ሆነ። ስለዚህ የዛሬ ባለሱቅ ከካርዱ ማሽን ይልቅ ስልኩን ሲያይ ይውላል። «ከዚህ በታች አልቀበልም» የሚለው ቃልም ከካርድ ወደ ስልክ ተሻገረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መባል አለበት። በኢትዮጵያ የሚከፈለው የአገልግሎት ክፍያ ከባንክ ባንክ፣ ከአገልግሎት አገልግሎት ይለያያል፤ በየጊዜውም ይለወጣል። ለነጋዴ ተብሎ በተከፈተ ሒሳብ መቀበልና በግል ስልክ ገንዘብ ማስተላለፍም አንድ ዓይነት ክፍያ የላቸውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ነጋዴ ዝቅተኛ መጠን ከመወሰኑ በፊት የሚከፍለውን በትክክል ከባንኩ ጠይቆ በጽሑፍ መያዝ ይኖርበታል። በወሬ የተቀመጠ ገደብ ደንበኛን በወሬ ማባረር ነው።

ባለሱቁ የሚፈራቸው አምስት ነገሮች

አንደኛው ከላይ የተጠቀሰው ክፍያ ነው። በስልክ የተቀበለውን ወደ ጥሬ ብር ለመለወጥ ወኪል ዘንድ ሲሄድም የሚቆረጥበት ይኖራል።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ጥሬ ብር ተቆጥሮ ኪስ ይገባል። በስልክ ሲሆን ቁጥር ማስገባት፣ የምሥጢር ቁጥር መጫን፣ መልእክቱ እስኪመጣ መጠበቅ አለ። በገበያ ቀን ከኋላ አሥር ሰው ተሰልፎ ለአንድ ሳሙና አምስት ደቂቃ መቆም ሌላውን ደንበኛ ማጣት ነው።

ሦስተኛው ማጭበርበር ነው። ያልተላከን ገንዘብ እንደተላከ የሚያሳይ ሐሰተኛ መልእክት አሳይተው እቃ ይዘው የሚሄዱ ሰዎች አሉ። ነጋዴው በደንበኛው ስልክ ላይ የሚታየውን ማመን የለበትም፤ በራሱ ሒሳብ መግባቱን ማረጋገጥ አለበት። ይህም ለ1,000 ብር ሽያጭና ለ20 ብር ሽያጭ እኩል ድካም ነው።

አራተኛው መረብ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር የማያስታውስ የለም። ቴሌብርን ያለ ኢንተርኔት በ*127# መጠቀም ቢቻልም ስልኩ ራሱ መረብ ካጣ ወይም መብራት ጠፍቶ ባትሪው ከሞተ አይሠራም። ባለሱቁ ደግሞ በማግስቱ ለጅምላ ነጋዴው የሚከፍለው ገንዘብ በእጁ ሊኖር ይገባል።

አምስተኛውን ብዙዎች ጮክ ብለው አይናገሩትም። በስልክና በካርድ የገባ ገንዘብ መዝገብ ይተዋል። ሽያጩ እንዳይታወቅ የሚፈልግ ነጋዴ ገደብ ሲያበዛ ምክንያቱ ሒሳብ ሳይሆን መደበቅ ይሆናል። ይህን ከትክክለኛው ምክንያት መለየት የሁሉም ድርሻ ነው። ግብር ሰብሳቢው አካልም ነጋዴው በስልክ ስለተቀበለ ብቻ ከጎረቤቱ የበለጠ እንዲጫንበት ካደረገ ሰውን ወደ ጥሬ ብር መልሶ የሚገፋው ራሱ መሆኑን ልብ ሊል ይገባል።

ትክክለኛ ገደብ እንዴት ይለያል?

ይህን ለማወቅ የሦስት ቁጥር ስሌት ይበቃል። የመጀመሪያው ትርፍ ነው፤ ሁለተኛው በመቶኛ የሚቆረጠው ነው፤ ሦስተኛው በእያንዳንዱ ግብይት የሚወጣው ቋሚ ወጪ ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ የተወሰዱ ናቸው።

አንድ ባለሱቅ በአማካይ ከመቶ 10 እጅ ያተርፋል እንበል። በስልክ ሲቀበል ከመቶ 1 እጅ ይቆረጥበታል፤ በተጨማሪ ቋሚው ወጪ 2 ብር ይሆንበታል። ደንበኛው የ30 ብር ሳሙና ቢገዛ ትርፉ 3 ብር፣ ወጪው 2 ብር ከ30 ሳንቲም ነው፤ የሚተርፈው 70 ሳንቲም ነው። ደንበኛው የ600 ብር ዘይትና ስኳር ቢገዛ ትርፉ 60 ብር፣ ወጪው 8 ብር ነው፤ 52 ብር ይቀራል። እንግዲህ ባለሱቁ ከትርፉ ቢያንስ ግማሹ እንዲቀርለት ቢፈልግ ገደቡ ስንት መሆን አለበት? በ50 ብር ሽያጭ ትርፉ 5 ብር፣ ወጪው 2 ብር ከ50 ሳንቲም ነው፤ ልክ ግማሽ። ስለዚህ በዚህ ምሳሌ ተገቢው ገደብ 50 ብር ነው።

ይህ ባለሱቅ በደጁ «ከ300 ብር በታች አልቀበልም» ብሎ ቢለጥፍ ሒሳቡ አያግዘውም። ከ50 በላይ ያለው 250 ብር ወይ ስንፍና ነው ወይ ሌላ የተደበቀ ምክንያት። በሌላ በኩል ቋሚ ወጪው ባዶ ከሆነ፣ ማለትም ከመቶኛው በቀር የሚቆረጥበት ከሌለና መልእክቱም ቶሎ የሚደርስ ከሆነ፣ ገደብ ማስቀመጥ ጨርሶ አያስፈልገውም።

ጥሬ ብርም በነጻ አይመጣም። ዝርዝር ሲጠፋ በመልስ ፋንታ ማስቲካና ከረሜላ መስጠት የተለመደ ነው፤ ያ የደንበኛው ኪሳራ ነው። ገንዘብ ይዞ መንገድ መሄድ ስጋት አለው፤ ቆጠራ ይሳሳታል፤ ኖት ያረጃል። የጥሬ ብር ወጪ ተበትኖ ስለሚወጣ አይታይም። የስልኩ ወጪ ግን በመልእክት ተጽፎ ስለሚመጣ ዓይን ይወጋል።

ወጪውን ማን ይሸከም?

ኅብረት ሥራን የሚመለከተው ጥያቄ ይህ ነው። ባለሱቁ ገደብ ካላስቀመጠ ወጪውን በሁሉም እቃ ዋጋ ላይ ይጨምረዋል። ያን ጊዜ በጥሬ ብር የምትከፍለው ጎረቤት በስልክ የሚከፍለውን ሰው ወጪ ሳታውቅ ትጋራለች። ገደብ ካስቀመጠ ደግሞ ጫናው የሚያርፈው ትንሽ በሚገዛው ላይ ነው። ትንሽ የሚገዛው ማነው? ብዙውን ጊዜ ያጣው ነው። ባለ600 ብሩ ገደቡን አያየውም፤ ባለ40 ብሯ እናት ግን ደጅ ላይ ትቆማለች።

የኅብረት ሥራ አባቶች ይህን ጥያቄ ከጥንት አንሥተውታል። እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ ሮችዴል ከተማ 28 ሰዎች ተሰባስበው ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳርና ሻማ የሚሸጥ ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። ከመሠረቷቸው ደንቦች አንዱ በዱቤ አለመሸጥ ነበር። ምክንያታቸው ዱቤ የሚወስደው ሰው ወጪ በእጅ በሚከፍለው አባል ላይ እንዳይወድቅ ነው። ትርፉን ደግሞ አባሉ በገዛው መጠን መልሰው አከፋፈሉ። የክፍያ መንገድ ራሱ የፍትሕ ጉዳይ መሆኑን ያን ጊዜ አውቀውታል።

ሌሎች ሀገሮችም ጥያቄውን በየመንገዳቸው መልሰዋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ደንብ የሻጩ ባንክ ለገዥው ባንክ የሚከፍለውን በተቀማጭ ካርድ ከመቶ 0.2፣ በዱቤ ካርድ ከመቶ 0.3 እንዳይበልጥ ወሰነ። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2016 ባንኮቿን ሁሉ የሚያገናኝ የስልክ ክፍያ ጀመረች፤ ከጥር 2020 ጀምሮ ነጋዴው በዚህ መንገድ ሲቀበል እንዳይቆረጥበት አደረገች። በዚያ የሻይ ሻጭ ሳይቀር ሥዕላዊ ኮዱን ለጥፎ ለአንድ ብርጭቆ ሻይ በስልክ ይቀበላል። ወጪው ግን ጠፍቶ አይደለም፤ ባንኮቹና መንግሥት ተሸክመውት ነው። በኬንያም እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው ኤምፔሳ በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ እስከ 1,000 ሽልንግ ያለውን የእርስ በርስ ዝውውር ለወራት ያለ ክፍያ አሳልፏል። ከእነዚህ ሁሉ የሚወሰደው ትምህርት አንድ ነው፦ ቋሚው ወጪ ከትንሹ ግብይት ላይ ሲነሣ ገደቡ ራሱ ይወድቃል።

ከሱቅ ወደ መጋዘን

የተከበራችሁ አባላት፣ እስካሁን የተነገረው ስለ ሱቅ ቢሆንም ጉዳዩ የአርሶ አደሩም ነው። ባለሱቁን «ከዚህ በታች አልቀበልም» ያሰኘው ቋሚ ወጪ አርሶ አደሩን ለብዙ ዘመን በገበያ ያስጨነቀው ያው ቋሚ ወጪ ነው።

መኪና ከዱርቤቴ ባሕር ዳር ደርሶ ለመመለስ 4,000 ብር ቢጠይቅ፣ አንድ ኩንታል በቆሎ ብቻ የጫነ ሰው 4,000 ብሩን ለብቻው ይችላል። 40 ኩንታል ቢሞላ ግን ለእያንዳንዱ ኩንታል 100 ብር ይደርሳል። መኪናው አንድ ነው፤ ነዳጁ አንድ ነው፤ መንገዱም አንድ ነው። የተለወጠው የተካፋዩ ብዛት ነው። አባቶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ማኅበር ማለት በአጭሩ ቋሚ ወጪን ለብዙ ትከሻ ማካፈል ነው። ቀድሞ በአዋጅ ቁጥር 147/1991፣ አሁን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 የቆመው የኅብረት ሥራ ሥርዓትም ትርጉም የሚኖረው ይህ ሲሆን ነው።

ከዚህ የሚከተል ከበድ ያለ ጥያቄ አለ። ማኅበሩ ራሱ በሚዛኑ ደጃፍ «ከዚህ በታች አንረከብም» ቢልስ? መዝጋቢው ይደክማል፣ ጆንያ ያስፈልጋል፣ ደረሰኝ ይቆረጣል፤ ምክንያቱ የባለሱቁ ዓይነት እውነተኛ ምክንያት ነው። ነገር ግን ግማሽ ኩንታል ዳጉሳ ይዛ የመጣችው ባለቤቷ የሞተባት እናት ተመልሳ ስትሄድ የምትሸጠው ለማን ነው? በመንገድ ዳር ለሚጠብቃት ደላላ ነው። ባለሱቁ ትንሹን ቢመልስ ሱቅ ነውና አይፈረድበትም። ማኅበር ትንሹን ከመለሰ ግን የቆመበትን ምክንያት መለሰ። የማኅበር ሥራ ትንሹን ሰብስቦ ትልቅ ማድረግ ነው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ የሸማቾች ሱቅ ያላቸው ማኅበራት ገደብ ካስቀመጡ ከላይ በተገለጸው ስሌት አስልተው፣ በጠቅላላ ጉባኤ አስወስነው፣ በደጃፉ በግልጽ ጽፈው ይለጥፉ። ባለሱቁ እንደ ሰው ፊት እያየ የሚለዋውጠው ገደብ አድልዎ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ከመከልከል ማጠራቀም ይሻላል። አባሉ በሳምንቱ ውስጥ የወሰዳት ሳሙና፣ ጨውና ክብሪት በደብተር ተጽፋ በሳምንቱ መጨረሻ በአንድ ጊዜ በስልክ ቢከፈል ሰባት ቋሚ ወጪ ወደ አንድ ይወርዳል። የዱቤ ደብተር በየሱቁ የታወቀ ነው፤ አዲስ የሚሆነው ሥርዓት ማስያዙ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የሮችዴሎቹ ስጋት እንዳይደርስ የሚወሰደው ጣሪያ፣ የሚከፈልበትም ቀን ሊወሰን ይገባል።

ሦስተኛ፣ ዩኒየኑ በአባል ማኅበራቱ ሁሉ ስም ከባንክና ከቴሌኮም ድርጅቶች ጋር ይደራደር። አንድ ሱቅ ለብቻው «ክፍያውን ቀንሱልኝ» ቢል የሚሰማው የለም። በርካታ ማኅበራትን የያዘ ዩኒየን ግን ብዙ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ደንበኛ ነውና ይሰማል። በተለይ ለትናንሽ ሽያጮች ቋሚው ክፍያ እንዲነሣ መጠየቅ አለበት።

አራተኛ፣ ለምርት የሚከፈለው ገንዘብ በስልክ ሲላክ አባሉ ምርጫ ይኑረው። ገንዘቡን ሁሉ በስልክ ልኮ በከተማው ያሉት ሱቆች በስልክ የማይቀበሉ ከሆነ አባሉ ገንዘቡን ለማውጣት ብቻ ሌላ ወጪ ያወጣል። የሚፈልገውን ያህል በጥሬው፣ የቀረውን በስልክ ወይም በቁጠባና ብድር ማኅበሩ ቢቀበል ይሻላል።

አምስተኛ፣ ሴቶችና አረጋውያን አባላት የምሥጢር ቁጥራቸውን ለማንም እንዳይሰጡ፣ መልእክት ማንበብ ለማይችሉትም የሚያምኑት የቤተሰብ ሰው አብሯቸው እንዲሆን ማኅበራቱ ማስተማር አለባቸው። የወረዳው ጽሕፈት ቤቶችም በዚህ ሊያግዙ ይገባል።

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣

በመጀመሪያ ወደ ተነሣችው እናት መመለስ ተገቢ ነው። «የኔ ብር ብር አይደለም ወይ?» ብለው ነበር። መልሱ እንዲህ ነው፦ ብርዎ ብር ነው። ባለሱቁም የናቀው እርስዎን አይደለም። 40 ብሩ ብቻውን ሲመጣ መንገዱ ይበላዋል። ከጎረቤትዎ 40 ብር ጋር፣ ከሳምንቱ ግዥዎ ጋር፣ ከማኅበርዎ ገንዘብ ጋር ሲመጣ ግን መንገዱ አይበላውም፤ ማንም ከደጅ አይመልሰውም።

ባለሱቁ ገደቡን የጻፈው አንዲት ወረቀት ላይ ነው። ያቺን ወረቀት የሚያነሣት ቁጣ አይደለም፤ ስሌትና ኅብረት ነው። ዩኒየኑ በሚቀጥሉት ዓመታት የሚመዘንበት አንዱ ሚዛን ትልቁን ኩንታል ስንት ቶን አደረሰው የሚለው ብቻ አይሁን። ትንሿ ግማሽ ኩንታልና ትንሿ 40 ብር በደጁ ሳትመለስ ቀረች ወይ የሚለውም ይሁን።

ለዩኒየኑ፣ ለአባል ማኅበራቱና ለቤተሰቦቻቸው ሁሉ መልካም በዓል ይሁን!